«ትናንት እንዲህ አልነበሩም»፦ ሆስፒታል የተኙ አረጋውያን በድንገት ሲቃዡ ምን እናድርግ?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። በሳንባ ምች ተኝተው የሚታከሙ አንድ የገጠር አባት አልጋቸው ላይ ተነሥተው ተቀምጠው በሬዎቻቸውን በየስማቸው ይጣራሉ። ቀኝ እጃቸው ጅራፍ እንደያዘ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት እንደ እርፍ ጨብጧል። የጉሉኮሱ መስመር ተነቅሎ አንሶላው ላይ ደም ነጥቧል። ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። «አባቴ አበዱብኝ፤ ትናንት እንዲህ አልነበሩም» ይላል ደጋግሞ። ተረኛው ሐኪም ማስታገሻ ከማዘዙ በፊት ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ እጁን ከእምብርታቸው በታች አሳረፈ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ከቀትር ጀምሮ ሽንት አልሸኑም፤ የጠየቃቸውም ሰው አልነበረም። ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ሲገባላቸው ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ወሰዳቸው። በማግስቱ ማታ ጋቢያቸውን ጠየቁ፤ ቀጥለውም ልጃቸውን «እራት በልተሃል?» አሉት።

ነርስ ነኝ። ያቺን ሌሊት የማነሣት ልጁ ከሁላችንም ቀድሞ ዋናውን ነገር ተናግሮ ስለነበረ ነው። «ትናንት እንዲህ አልነበሩም» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ችግር ዋና መለያ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው በቅድሚያ አልጋ ሥር ፍራሽ አንጥፈው ለሚያድሩ አስታማሚዎች፣ ቀጥሎም ለሥራ ባልደረቦቼ ነው።

ዴሊሪየም በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚመጣ የአእምሮ መታወክ ነው። ታማሚው ሐሳባቸውን መሰብሰብ ያቅታቸዋል፤ ያሉበትን ቦታና ጊዜ ያምታታሉ፤ አንዳንዴ የሌለ ነገር ያያሉ። ሁኔታው ይዋዥቃል፤ ጠዋት ደህና መስለው ማታ ይብስባቸዋል። እብደት አይደለም፤ «አርጅተዋል እኮ» ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። ከጀርባው የአካል ችግር አለ፤ ብዙውን ጊዜም ሁለት ሦስቱ ተደራርበው ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ሲያርሱ ከፈር መውጣት ነው። እኛም ነገር ሲበላሽ «ፈሩን ለቀቀ» እንላለን። በሬው ከፈር ሲወጣ ጥሩ ገበሬ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ድንጋይ ይሁን፣ ጉቶ ይሁን፣ የላላ ቀንበር ይሁን ይፈልጋል። የእኛም ሥራ ይኸው ነው።

ከመርሳት ሕመም ጋር መምታታት የለበትም። የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ ይገባል፤ ዴሊሪየም ግን ቀኑን፣ አንዳንዴም ሰዓቱን መናገር በሚቻልበት ፍጥነት ይመጣል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡም ይችላሉ። እንዲያውም የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ለዴሊሪየም ከሁሉም በላይ የተጋለጡ ናቸው። «ድሮም ይረሳሉ» ብሎ መተው ትልቁ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ በገቡበት ቀን «ትናንትን» መዝግቡ

ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆነ፣ የዳሌ አጥንት የተሰበረባቸው፣ በጽኑ የታመሙ፣ ቀድሞ የመርሳት ችግር የነበረባቸው፣ ዓይናቸው ወይም ጆሯቸው የደከመ፣ ወይም ከዚህ ቀደም ሆስፒታል ተኝተው የተቃዡ ከሆነ ችግሩ ሳይመጣ ተዘጋጁ። በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ቤት ሳሉ ብቻቸውን ይሄዱ ነበር? የልጅ ልጆቻቸውን ስም ይለያሉ? ገንዘብ ይቆጥራሉ? መነጽር ያደርጋሉ? በየትኛው ጆሮ ይሰማሉ? ስንት ሰዓት ይተኛሉ? የሚወስዱት መድኃኒት ምንድን ነው? ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም፣ ጎረቤት የሰጠውንም፣ የባህል መድኃኒቱንም አትዝለሉ።

መጠጥም ይጻፍ። በየቀኑ አረቄ ወይም ጠጅ ሲጠጡ የኖሩ ሰው ሆስፒታል ሲገቡ መጠጡ በድንገት ይቋረጣል። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ማላብና የሌለ ነገር ማየት ሊጀምራቸው ይችላል። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ፣ የራሱ ሕክምና ያለው ነገር ነው። ቤተሰብ ለአባት ክብር ሲል የሚደብቀው ይኸንን ስለሆነ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ለሐኪሙ ብቻ ቢሆንም ንገሩ።

ደረጃ 2፦ የሚጮኸውን ብቻ ሳይሆን ዝም ያለውንም እዩ

በሬዎቹን የሚጣሩት አባት ዋርዱን ሁሉ ስለሚቀሰቅሱ ሐኪም ይደርስላቸዋል። የሚያሳስበኝ ሌላው ዓይነት ነው። የዳሌ ስብራት ያጋጠማቸው አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን ጸጥ አሉ። ልጆቻቸው «ዛሬስ እማማ እፎይ ብለው ተኙ፤ አትቀስቅሷቸው» አሉን። ከራስጌያቸው የተቀመጠው አጥሚት ቀዝቅዞ ላዩ ቆዳ አውጥቷል፤ ማንኪያው አልተነካም። ስጠራቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ፤ ሳያዩኝ መልሰው ይከድናሉ። ጣታቸው የብርድ ልብሱን ጠርዝ ያለ ማቋረጥ ይለቅማል። ኦክስጅናቸው ሲለካ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር።

ይህ ዝምተኛው ዴሊሪየም ነው። ሰው ስለማይረብሽ ይታለፋል፤ ስለሚታለፍም ከጯሂው ይልቅ ብዙ ጊዜ የከፋ መጨረሻ አለው። ከወትሮው በላይ መተኛት፣ ሲጠሩ ዘግይቶ መመለስ፣ ምግብ አፍ ውስጥ ይዞ መቅረት፣ ጀምሮ የተወ ዓረፍተ ነገር፣ ባዶ ቦታ ላይ ማፍጠጥ፦ ከእነዚህ አንዱ አዲስ ከሆነ «አረፉ» አትበሉ። ቀን ዝም ብለው ሌሊት የሚነሡ፣ ሁለቱንም መልክ የሚያሳዩም ብዙ ናቸው።

ደረጃ 3፦ አልጋው አጠገብ ፈትኑ

በኤድንብራ የተዘጋጀ «ፎር ኤ ቲ» የሚባል አጭር መመዘኛ አለ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ በነጻ የሚገኝ ነው፤ የተለየ ሥልጠናም አይጠይቅም። አራት ነገር ይመዝናል፦ ንቃትን፤ ዕድሜን፣ የልደት ቀንን፣ ያሉበትን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን ማወቅን፤ ወራትን ከመጨረሻው ወደ ኋላ መቁጠርን፤ እንዲሁም ድንገተኛ ለውጥ ወይም መዋዠቅ መኖሩን። ከ12 ነጥብ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዴሊሪየም ይጠረጠራል። የምወደው ነገሩ ይህ ነው፦ ድንገተኛ ለውጥ ካለ ብቻውን 4 ነጥብ ያስይዛል። የቤተሰብ ምስክርነት ያለ ሌላ ማስረጃ ለጥርጣሬ በቂ ነው ማለት ነው።

መመዘኛውን እንዳለ ወደ እኛ አረጋውያን ማምጣት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙ የገጠር እናቶችና አባቶች የልደት ቀናቸውን ጤነኛም ሆነው አያውቁትም። «በጣሊያን ጊዜ ጡት የጣልኩ ነበርኩ» ካሉ መልሱ ትክክል ነው። ወራትን ወደ ኋላ ለመቁጠር ከነሐሴ ጀምሩና ሐምሌ፣ ሰኔ፣ ግንቦት እያሉ እንዲወርዱ አድርጉ፤ ሰባት ወር ሳይሳሳቱ ከደረሱ በቂ ነው። ይህ ከከበዳቸው እኔ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ አስቆጥራለሁ፤ ነጥብ የሚሰጥበት ባይሆንም የሐሳብ መሰብሰብን ያሳያል። የምትፈልጉት ዕውቀታቸውን አይደለም፤ የጀመሩትን ነገር ይዘው መቆየት መቻላቸውን ነው። ዴሊሪየም ያለባቸው ሰው «እሑድ፣ ቅዳሜ…» ብለው ከጀመሩ በኋላ ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ ጥያቄው ከእጃቸው ይወድቃል።

በውጭ አገር ወላጆቻችሁን የምታስታምሙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሆስፒታል «ዓመቱ ስንት ነው?» ተብለው የእኛን አቆጣጠር የተናገሩ እናት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀሩ መስለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ከነገሯቸው በስድስት ሰዓት ይለያያል፤ በፓስፖርቱ ላይ ያለው የልደት ቀንም ብዙ ጊዜ የተገመተ ነው። ይህን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ አስረዱ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ። በሌላ በኩል ዕብራይስጥ ወይም እንግሊዝኛ ይችሉ የነበሩ ሰው በድንገት በአማርኛ ብቻ መመለስ ከጀመሩ፣ ያም መነገር ያለበት ለውጥ ነው።

ደረጃ 4፦ ንገሩ፤ በግልጽ፣ በሰዓትና በምሳሌ

«ትንሽ ተቀይረዋል» የሚል ቃል በተጨናነቀ ዋርድ ውስጥ ይጠፋል። እንዲህ በሉ፦ «ትናንት ከምሳ በኋላ ልጆቻቸውን በስማቸው እየጠሩ ሲያጫውቱን ነበር። ዛሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እኔን አላወቁኝም፤ ዳቦውን በእጃቸው ይዘው ረስተውታል።» ይህን የሰማ ሐኪም ዝም ብሎ አያልፍም። ሐኪሞች ታማሚዎችን የሚያዩበት የጠዋቱ ዙር ካለፋችሁ ተረኛዋን ነርስ አነጋግሩ፤ በካርዳቸው ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። አስታማሚ ስትቀያየሩም ይኸው መረጃ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፍ።

የጠዋቱን ዙር መጠበቅ የሌለባቸው ሁኔታዎች አሉ። ሲጠሩም ሲነኩም የማይነቁ ከሆነ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ወይም አንድ እጅ ከሰነፈ፣ ካንቀጠቀጣቸው፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ካለ፣ ወይም ከወደቁ በኋላ ከተቀየሩ ወዲያውኑ ሐኪም ይጠራ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደ ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰው ከወደቁ ቁስል ባይታይም ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊፈስስ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ደግሞ ከሁሉ በፊት ስኳራቸው ይለካ። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን ወይም ኢንሱሊን እየወሰዱ ምግብ ያቆሙ አረጋዊ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚታወቅና የሚታከም ነገር ነው።

ጸበልንና ጸሎትን በተመለከተ ከልቤ ልናገር። ቤተሰብ ሲጨነቅ «መንፈስ ነው» ብሎ ማሰቡን አልነቅፍም። ካህን ወይም ሼኽ መጥተው በእርጋታ ቢጸልዩ የሚታወቅ ድምፅ ስለሆነ ታማሚውን ሊያጽናና ይችላል። ነገር ግን ከአልጋ አስነሥቶ መውሰድ ወይም መድኃኒት ማቋረጥ ሕይወት ያስከፍላል። ለፈዘዘ ሰውም ጸበልም ሆነ ሾርባ በግድ አታጠጡ፤ ወደ ሳንባ ይገባል። ጾም ላይ ከሆኑም የንስሐ አባታቸው ወይም ሼኻቸው ራሳቸው ቢነግሯቸው የተሻለ ይሰሟቸዋል፤ በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው መፍትሔ አለው።

ደረጃ 5፦ ድንጋዩን ፈልጉ

ምርመራው የሐኪም ነው፤ ግማሹን ምልክት የሚያየው ግን አስታማሚው ነው። ከላይ ወደ ታች ሂዱ። አዲስ ሳል ወይም ትኩሳት አለ? (አረጋውያን ከባድ ኢንፌክሽን ኖሯቸው ትኩሳት ላይኖራቸው እንደሚችል አትርሱ።) አፋቸውና ምላሳቸው ደርቋል? ዛሬ ስንት ብርጭቆ ጠጡ? ሽንት የወጣው መቼ ነው፤ ጠብታ ጠብታ ብቻ ነው? ሆዳቸው ከታች ተወጥሯል? ሰገራ ከወጡ ስንት ቀን ሆናቸው? ሦስት ቀን ካለፈ ተናገሩ። ስታገላብጧቸው ፊታቸው ይቋጠራል? ሕመማቸውን በቃል መግለጽ ያቃታቸው አረጋውያን ሕመሙን የሚናገሩት በመቃዠት ነው። ከወገባቸው በታች ቁስል ወጥቷል?

መድኃኒት ላይ ቆም ልበል፤ ከምናርማቸው መንስኤዎች ሁሉ ይህ ቀላሉ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነውና። በወጣት ላይ ምንም የማያደርግ ክኒን በ80 ዓመት አረጋዊ ላይ አእምሮን ሊያናጋ ይችላል። ዋነኞቹ እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሰጡት ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፈንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን፣ ለሕመም የሚሰጠው ትራማዶል፣ ለጨጓራ የሚሰጠው ሲሜቲዲን፣ እንዲሁም እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይዶች ናቸው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድም አንዳንዴ ያቃዣል። የጉንፋን ክኒኖቹ ሽንትን ይይዛሉ፤ የተያዘ ሽንት ደግሞ ያቃዣል፤ እንዲህ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ሁሉንም እሽግ በፌስታል ሰብስባችሁ አምጡና «ከዚህ ውስጥ የሚቃዡበት ይኖር ይሆን?» ብላችሁ ሐኪሙን ወይም የፋርማሲ ባለሙያውን ጠይቁ። ሕመምን ፈርቶ መተውም መፍትሔ አይደለም፤ ያልታከመ ሕመምም ራሱ ያቃዣል፤ ብዙ ጊዜ በፓራሲታሞል በሰዓቱ መጀመር ይቻላል።

ደረጃ 6፦ ቀኑን ቀን፣ ሌሊቱን ሌሊት አድርጉላቸው

መንስኤው እየታከመ ሳለ አእምሮን ወደ ፈሩ የሚመልሰው ተራ የሚመስል እንክብካቤ ነው። ይህ የግል እምነቴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 852 ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። በመደበኛው እንክብካቤ ከነበሩት 15 በመቶው በዴሊሪየም ሲያዙ፣ የሚያናግራቸው፣ የሚያራምዳቸው፣ የሚያጠጣቸው፣ መነጽራቸውንና የጆሮ መስሚያቸውን የሚያሟላላቸው ሰው ከተመደበላቸው ውስጥ የተያዙት 9.9 በመቶ ብቻ ነበሩ። እዚያ ሠራተኛና በጎ ፈቃደኛ ተመድቦ የተሠራው ሥራ እዚህ በአስታማሚ እጅ ያለ ነው። ጥበቡን ማወቅ ብቻ ይቀረናል።

ጠዋት መጋረጃ ክፈቱ፤ ፊታቸውን አጥቡ፤ መነጽራቸውን ጠርጋችሁ አድርጉላቸው። «ደህና አደሩ አባባ፤ እኔ ልጅዎ ነኝ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ሆስፒታል ነን፤ ሳንባዎን እየታከሙ ነው» በሉ። በየጥቂት ሰዓቱ ድገሙት፤ እንደ ፈተና ሳይሆን እንደ ጨዋታ። በዓል ከቀረበ በበዓሉ አስታውሷቸው፤ «ጥምቀት ሊደርስ ነው» የሚለው ቃል ከቁጥር ይልቅ ይገባቸዋል። ሐኪም ከፈቀደ በቀን ሦስት ጊዜ ደግፋችሁ አራምዷቸው፤ መራመድ ካልቻሉ ለምግብ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ውሃ በትንሽ በትንሹ፣ ነቅተውና ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይጠጡ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ ግን መጠኑን ጠይቁ። ቡና ለዘመናት የለመዱ ከሆነ ሐኪሙን አስፈቅዳችሁ የጠዋቷን ስኒ አምጡላቸው፤ የቡና መቋረጥ ራስ ምታት ያመጣል። ከሰዓት በኋላ ግን ይቅር።

ማታ መብራት ቀንሱ፤ ስልክ ዝም ይበል። ሞቅ ያለ ወተትና የጀርባ ማሸት ከእንቅልፍ ክኒን ይሻላል። ከመተኛታቸው በፊት ሽንት ቤት አድርሷቸው።

ጠያቂን በተመለከተ ባህላችንን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን አሥር ሰው አልጋውን ከብቦ ሲያንሾካሹክና ሲያለቅስ የተቃዠ አእምሮ ይሸበራል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ ማልቀስ ያሸነፈው ኮሪደር ላይ ይውጣ። ቢቻል አዳሪው ሰው አንድ ወይም ሁለት የታወቀ ፊት ይሁን።

ደረጃ 7፦ ሲነሡ፣ ሲጮኹ፣ መስመር ሲነቅሉ

አትከራከሯቸው፤ አብራችሁም አታምኑ። «በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ሊገድለኝ ነው» ካሉ፣ «እኔ አይታየኝም፤ እንዳስፈራዎት ግን ገብቶኛል። እኔ እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድም» በሉ። ከፊት ለፊት፣ ከዓይናቸው እኩል ዝቅ ብላችሁ፣ በአጭር ቃል ተናገሩ። ለመነሣት ሲታገሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ነገር አለ፦ ሽንት፣ ውሃ፣ ሕመም ማስታገሻ፣ ወይም ከተኙበት ጎን መገላበጥ። መጀመሪያ ይህን ሞክሩ።

እጅን በፋሻ ከአልጋ ብረት ጋር ማሰር በየዋርዱ አይቻለሁ፤ እኔም አስሬ አውቃለሁ። እጅግ ነው የሚቆጨኝ። የታሰረ ሰው ይበልጥ ይታገላል፤ እጁ ይቆስላል፤ ፍርሃቱም ይብሳል። ይልቁንስ የጉሉኮሱን መስመር በፋሻ ሸፍናችሁ ረጅም እጅጌ አልብሷቸው፤ አልጋውን ዝቅ አስደርጉ፤ እጃቸውን ያዙ። ካቴተሩ ዛሬም ያስፈልግ እንደሆነ በየቀኑ ጠይቁ፤ በማያስፈልግበት ሰዓት መውጣት አለበት።

ማስታገሻ መርፌ የመጨረሻው አማራጭ ነው፦ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ራሳቸውን ወይም ሌላውን ሲጎዱ፣ ወይም በፍርሃት ክፉኛ ሲሠቃዩ ብቻ። ለባልደረቦቼ፦ ሃሎፔሪዶል ከተሰጠ ለአረጋዊ የሚጀመረው በግማሽ ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ነው፤ የፓርኪንሰን ሕመም ላለባቸው አይሰጥም፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራቸውም ይታይ። ዳያዜፓምና ዘመዶቹ ዴሊሪየምን ያባብሳሉ፤ ቦታቸው መጠጥ ወይም የእንቅልፍ ክኒን በድንገት በማቋረጥ በመጣው ዓይነት ላይ ነው። ለእነዚያ የመጠጥ ታማሚዎች ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ሳይዘገይ፣ ጉሉኮስ ከመጀመሩ በፊት ይሰጣቸው።

ደረጃ 8፦ ቤት ከተመለሱ በኋላ

መንስኤው ታክሞም አእምሮ ወዲያው ላይጠራ ይችላል። ለአንዳንዶች ቀናት፣ ለሌሎች ሳምንታት፣ ለጥቂቶች ወራት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ መድኃኒታቸውን ሌላ ሰው ይስጣቸው፤ ከባድ የገንዘብና የውርስ ጉዳይ አታስፈርሟቸው፤ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ መብራት ይኑረው። ከወር ከሁለት ወር በኋላ መርሳቱ ከቀጠለ ለመርሳት ሕመም ምርመራ ውሰዷቸው፤ አንዳንዴ ተደብቆ የቆየውን የሚገልጠው ይኸው ነው። ወደፊት ቀዶ ሕክምና ካላቸው «ከዚህ በፊት ሆስፒታል ተኝተው ተቃዥተው ነበር» ብላችሁ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ያዩትን ደግሞ ብዙዎቹ ያስታውሱታል፤ አፍረው ዝም ይላሉ እንጂ። የበሬዎቹ አባት ከመውጣታቸው አንድ ቀን በፊት መርፌያቸውን ስወጋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ያን ሌሊት በሬዎቼን ስጣራ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል?» አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሽንታቸው ተይዞ እንደነበረ፣ ሳንባቸውም ኦክስጅን አንሶት እንደነበረ፣ ይህም ማንንም ሰው ሊያቃዥ እንደሚችል ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው የሁለቱን በሬዎች ስም ነገሩኝ፤ አንደኛው በሬ የሞተው፣ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ እንደነበረም ጨመሩልኝ።